የአባባ የጽድ አጥር

ሁለት ወንድሞች አሉኝ። ሁለቱም ተጨምቀው አንድ ጭንቅላት አይወጣቸውም።

ታላቄ የመኪና ጎማ ይሸጣል። ስልኩ ላይ ያላነበበው ነገር ስለሌለ «ሊቁ» የሚል ስም አውጥቼለታለሁ፤ ሞኙ ሙገሳ መስሎት ደስ ይለዋል። ታናሼ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ መቀስ ከያዘ መላጣ ሳያደርግ አይለቅም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቢያንስ ሳልለካ አልቆርጥም።

አባታችንን ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። መንገድ ዳር ባለው ቤታቸው ከአክስታችን ጋር ይኖራሉ። ሐኪሙ በየቀኑ ፀሐይ ይሙቁ ብሎ ነበር። ግቢው ግን የታጠረው በሽቦ ብቻ ነው። «እግሬን እየጎተትኩ መንገደኛ አያየኝም» አሉ። «የሚሸፍን አጥር ስታበቅሉልኝ እወጣለሁ።» በዚያ መንገድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደረታቸውን ነፍተው የሄዱ ሰው ናቸው። ስለዚህ በሽቦው ዳር ጽድ ተከልን። አባባም ጽዱ እስኪያድግ አልጋቸው ላይ ሆነው ይገረጡ ጀመር።

ጽዱ ማደጉን ትቶ ከታች መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡኒ ሆነ። ሊቁ በስልኩ መረመረው። አንድ ቀን «ምግብ አንሶት ነው» ይላል፣ በማግሥቱ «ፈንገስ ነው» ይላል፣ ደግሞ «ነፋስ መትቶት ነው» ይላል። ለሁሉም መድኃኒት አለው፤ መድኃኒቱም ሁልጊዜ ማዳበሪያ ነው። እፍኝ በሚበቃው ቦታ በጣሳ ደፋበት። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ «ሲቆረጥ ነው የሚፋፋው፣ እህቴ፤ ፀጉርም እንደዚያው ነው» ብሎ ጎንና ጎኑን እስከ ደረቁ እንጨት ድረስ ላጨው። ጽድ እስከዚያ ድረስ ከተቆረጠ መልሶ አያቆጠቁጥም፤ እንጨቱ እስካሁን እንደ ገጠጠ ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ?

ጽዱን ለእነዚህ አምኖ የሚተው ሰው ከእነሱ የባሰ ነው። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ስፌቴን ትቼ እየሮጥኩ እሄዳለሁ። በመስኮቱ «አባባ፣ እንደምን ዋሉ?» እልና ጽዱን በባልዲ እስኪጠግብ አጠጥቼ እመለሳለሁ። ከሦስታችን የሚያስብ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ባለፈው እሑድ ግቢው ውስጥ ጽዱ አጠገብ ተሰበሰብን።

«ተባይ ነው» አለ ሊቁ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«ተባዩስ አንተ ነህ!» አልኩት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ሲባል አልሰማህም?»

አካፋ አንስቼ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካሉት አንዱን ቆፍሬ ጎተትኩት። ሳልታገል ወጣ። ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጉድጓዱ ውሃ አቁሯል።

«ማነው እንዲህ ያሰመጠው?»

«እኔ በልኩ ነው የማጠጣው» አለ ሊቁ። «ጠዋት ጠዋት፣ ሱቅ ሳልከፍት። እናንተማ መቼ ትዝ ይላችኋል!»

ታናሼ አፉን ከፈተ። «አንተ ታጠጣለህ እንዴ? እኔ አይደለሁ እንዴ ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ የማጠጣው?»

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴ ነገራቸው። ሦስት ሰው አንዱ ሌላውን ንቆ አንድ አጥር አሰጠመ። እንዲህ ያለ ጅልነት ከእኛ ቤት ሌላ የትም የሚገኝ አይመስለኝም።

በዚህ መሐል በመስኮቱ ሳቅ ተሰማ። አባባ ነበሩ፤ ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ አፋቸው ወደ አንድ በኩል ይጎተታል።

«ሲነጋ አንዱ፣ በምሳ አንዷ፣ ሲመሽ አንዱ» አሉ፣ ቃሉ እየከበዳቸው። «እዚህ ተኝቼ አያችኋለሁ።»

ደሜ ፈላ። «እያዩ ነው ዝም ያሉት? ለእርስዎ እኮ ነው አባባ፣ ፀሐይ እንዲያገኙ ብለን! አንዴ ‹በቃው፣ ጠጥቷል› ቢሉን ምን ነበረበት?»

«ከዚያስ?» አሉኝ። «ጽዱ ከዳነ ምን ልትሠሩ ትመጣላችሁ?»

አክስታችን ከኋላቸው ትራሱን አስተካከለችላቸው፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። ታናሼ ማልቀስ ጀመረ። በሩ ከመስኮቱ አጠገብ ነው፤ ባልዲ ይዤ ሳልገባ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩት ሳስበው አፈርኩ።

ሊቁ ግን ሊቅ ነውና ዝም ማለት አይችልም። «አይዞዎት አባባ፣ ሌላ እንተክላለን» አለ። «በጥቂት ወር ሰው የሚያህል ዓይነት እንዳለ አንብቤያለሁ።»

አባባ በየተራ አዩን። እኔ ወንድሞቼን የማይበት ዓይን ነበር፤ ከማን እንደወረስኩት ገባኝ።

«ያንን ተወው» አሉት። «ቶሎ የማይጸድቅ ፈልግ።»