ከዘይቱ መብራት ጋር የሚጠፋው

ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለኛል። ሞተር የማዳምጠው ረጅም ብረት ጆሮዬ ላይ ደግፌ ስለሆነ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ ሰምቼ ሰምቼ ያገኘሁት ነው።

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ከታላቅ ወንድሟ ጋር ሆና አመጣችልኝ። በቅርቡ ከእሱው የገዛቻት ናት። እናታቸው ኩላሊቷን የምትታጠበው ከዳገቱ ማዶ ባለው ሆስፒታል ነው፤ ወደዚያ የሚያደርስ ሌላ መኪና ብታጣ ገዛች። የነገ ጠዋቱ ቀጠሮ ደርሷል፣ መኪናዋ ደግሞ ዳገት ላይ ትንቀጠቀጣለች።

«የሞተር ብልሽት የሚያሳየው መብራት፣ ቼክ ኢንጂኑ፣ ግን ምንም አይልም» አለችኝ። «ቁልፍ ስከፍት ይበራል፣ ስትነሳ ይጠፋል። ጤነኛ መኪና እንዲህ ነው አይደል፣ ጋሼ?» ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«እንዴታ» አለ ወንድሟ። «ዳገቱን ፈርተሽ የምትንቀጠቀጪው አንቺ ነሽ።»

ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ብረቴን ደግፌ ሳዳምጥ አንዱ ሲሊንደር ምቱን ይስታል። መመርመሪያውን ስሰካ የመኪናዋ ኮምፒውተርም ያንኑ ነገረኝ፤ ይባስ ብሎ «መብራቱን አብርቻለሁ» ይላል። መብራቱ ጭልም ብሏል።

ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ብቻ ከፈትኩ። የዘይቱም የቼክ ኢንጂኑም መብራት በሩ። እሷ ከውስጥ እንድታይልኝ ነግሬያት ከሞተሩ ጎን የዘይት ግፊት መለኪያውን ሽቦ ነቀልኩ።

«ሁለቱም ጠፉ» አለች።

መልሼ ሰካሁት።

«ሁለቱም በሩ።»

መጥፋት የነበረበት የዘይቱ ብቻ ነበር።

እሷ ውሃ ልትጠጣ ስትወርድ ዳሽቦርዱን ፈታሁ፤ ወንድምየው የእጅ ባትሪ ያዘልኝ። የቼክ ኢንጂኑ ሽቦ ከኮምፒውተሩ ተቆርጦ ከዘይቱ መብራት ሽቦ ጋር ተቀጥሏል። ሞተር ሲነሳ የዘይቱ ይጠፋል፤ ይኼም አብሮት እንዲጠፋ። ወንድምየው ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ።

«ሐኪሙ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዝም አይነቅዝም።»

«እናትህ ናት እኮ የምትሳፈረው።»

«ለባዳ ልሸጣት ነበር ያሰናዳኋት። እሷ ቀድማ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልንገራት?»

ብናገር ወንድምና እህት አጣላለሁ፤ ዝም ብል ዳገቱ ላይ እናት አለች። በሆዴ «አምላኬ፣ አንተው ምራኝ» አልኩ። እጄ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሽቦውን ወደ ቦታው መለስኩት።

ስትመለስ «እስቲ አስነሻት» አልኳት።

አስነሳች። የዘይቱ ጠፋ። ቼክ ኢንጂኑ በርቶ ቀረ።

«አበላሸህብኝ እንዴ?»

«አይደለም፤ የመብራቱ ሽቦ ተቆርጦ ነበር» አልኳት። ዓይኔ ግን ወደ ወንድሟ ሄደ፤ የሷም ተከተለው። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«ጋሼ፣ ታውቅ ነበር?»

ወደ እኔ ዞረች። «እስከ ነገ ይሠራል?»

«የሚለወጠው ዕቃ እዚህ ከተማ የለም፣ እህቴ። ብናዝም በዚህ ሳምንት አይደርስም።»

ሞተሩን አጥፍታ ወረደችና ቁልፉን የወንድሟ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ነገ አንተ ትነዳለህ። እኔ ከኋላ እማዬን አቅፌ እቀመጣለሁ።»

«መብራቱ በርቶ?»

«እያየኸው ትነዳለህ።»

«ቀስ በሉ» ከማለት ሌላ መድኃኒት አልነበረኝም። ሲሄዱ እስከ መታጠፊያው በጆሮዬ ሸኘኋቸው። አንዱ ምት አሁንም ይጎድላል።