ዘጠኙ የደረጃ መብራቶች

ከዶኛ ኤርሜሊንዳ በረንዳ እስከ መንገዱ ድረስ ሃያ ሁለት የድንጋይ ደረጃዎች አሉ። በደረጃዎቹ ዳርና ዳር፣ ከቤጎንያ አበቦቹ ሥር፣ ቁመታቸው ከጉልበት የማያልፍ ዘጠኝ መብራቶች ተተክለዋል። ሟቹ ባለቤታቸው ዶን ኤፍራይን ለጌጥ ብለው ያስገቧቸው ነበሩ። ዶኛ ኤርሜሊንዳ ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቷቸው ዓይናቸው በምሽት መድከም ከጀመረ ወዲህ ግን መብራቶቹ ጌጥነታቸው ቀርቶ ምርኩዝ ሆነዋል።

እነዚህ መብራቶች ከሰኔ ጀምሮ ብልጭ ድርግም የማለት ጠባይ አመጡ። በገና ሰሞን ዶኛ ኤርሜሊንዳ አሥራ አራተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ብርሃኑ ጠፋባቸውና እግራቸው አየር ረግጦ ጉልበታቸው ተላጠ። ቁስሉ በሳምንት ዳነ፤ ወሬው ግን ሳን ሆሴ ከምትኖረው ልጃቸው ከሱልማ ጆሮ ደረሰ።

በእኛ ተራራ ሰው ሁሉ አንቱ ይባባላል። እናት ልጇን፣ ወንድም እህቱን አንቱ ይላል፤ ውሻ እንኳ ከወጥ ቤት ሲባረር «ይውጡ» ተብሎ ነው። ስለዚህ ሱልማ በስልክ የተቆጣችው በፍጹም አክብሮት ነበር።

«እሑድ ለገናው ሕፃን ጸሎት እመጣለሁ። መብራቶቹ እንዲህ ሲጨፍሩ ካገኘኋቸው፣ እማዬ፣ ሻንጣዎን ይዘው ከእኔ ጋር ይወርዳሉ። ቤቴ አምስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር አለው፣ ደረጃ የሚባል ነገር አያዩም።»

«ጥፋቱ የኡርባኖ ገጀራ ነው» አሉ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ሌላ መከላከያ ሲያጡ። «ሣሩን ሲያጭድ ሽቦውን ሳይከታትፈው አልቀረም።»

«እንግዲያው ኡርባኖንም እናሰናብታለን።»

«ቤጎንያዎቼስ?»

«በረንዳዬ ላይ አንድ የአበባ ማሰሮ እናስቀምጣለን።»

«አንድ» አሉ ዶኛ ኤርሜሊንዳና ስልኩን ዘጉ።

ሐሙስ ዕለት ታናሽ ወንድማቸው ዶን ቤሊሳርዮ የመሣሪያ ቦርሳቸውን አንግተው መጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ መስመር ሲዘረጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

«እህቴ፣ እኔ አውሎ ነፋስ የበጠሰውን መስመር የቀጠልኩ ነኝ። ዘጠኝ ፋኖስ ያሸንፈኛል?»

«እስካሁን አላሸነፈዎትም፤ ገና አልጀመሩማ።»

ዶን ቤሊሳርዮ በመጀመሪያ ዘጠኙንም አምፖሎች ለወጡ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ጉሙ ከላይ መውረድ ሲጀምር፣ መብራቱን አበሩ። አንድ ስኒ ቡና ተጠጥቶ እስኪያልቅ ሁሉም ቀጥ ብለው በሩ። ከዚያ አራተኛው ዓይኑ ውስጥ ጉድፍ እንደገባበት ሰው አርገበገበ፤ ከእሱ በታች ያሉትም ተከተሉት።

ዓርብ ወደ ትራንስፎርመሩ ዞሩ። ከበረንዳው ጣሪያ ሥር የተሰቀለችውን ትንሽ ሣጥን ከፍተው በቴስተር ለኩ፤ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ሳይወጣ ሳይወርድ።

«ምንጩ ጤነኛ ነው» አሉ። «እንግዲህ የቀረው ገጀራው ነው።»

ኡርባኖ ተጠራ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ከሰው ይልቅ ከአጥር ጋር ብዙ የሚያወራ አትክልተኛ ነው። ክሱን ቆሞ ሰማ።

«ዶን ቤሊሳርዮ፣ የእኔ ገጀራ ሽቦው የት እንዳለ ከእርስዎ ይበልጥ ያውቃል።»

«ገጀራ ያውቃል እንዴ?»

«ያውቃል። አሥር ዓመት አብረው ኖረዋል፣ አንድ ቀን አልተጣሉም።»

«ቆፍረን እናያለን።»

«እንቆፍር። እኔ ግን የምቆፍረው ይቅርታ እንደሚጠየቅ ሰው ነው።»

ሽቦው ከላይ እስከ ታች፣ አበባ ሳይነቀል፣ አፈር በመዳፍ እየተጠረገ ወጣ። ሥራው እስከ ቅዳሜ ቀትር ወሰደ። ከሽቦው ላይ አንድም የስለት ጭረት አልተገኘም። ኡርባኖ ገጀራውን በሱሪው ጠርጎ ወደ ሰገባው መለሰ።

«ይቅርታውን አሁን ልውሰደው ወይስ በኋላ?»

«ገና አላለቀም» አሉ ዶን ቤሊሳርዮ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሎ ነበር። የቀረው አንድ ቀን ነው። ከመስኮቱ በስተኋላ ዶኛ ኤርሜሊንዳ የሕፃኑን ግርግም ሲያስተካክሉ ይታያሉ፤ የሸክላ በጎቹን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ያዞራሉ።

ኡርባኖ ዘወር ብሎ ደረጃዎቹን አየ።

«የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እኮ ጨፍረው አያውቁም» አለ። «ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ሁልጊዜ አያለሁ።»

«እስካሁን ለምን አልነገሩኝም?»

«የጠየቁኝ ስለ ገጀራው ነዋ።»

ዶን ቤሊሳርዮ መብራቶቹን ሁሉ ፈትተው፣ ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ መልሰው አገናኙ። አንደኛው በራ፤ ሁለተኛው በራ፤ ሦስተኛው በራ። አራተኛው ሲገናኝ ጭፈራው ጀመረ። መብራቱ ከዋናው ሽቦ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ጠፋ፤ ሲለቁት በራ። ኃይሉን አቋርጠው ጥቁሩን ናስትሮ ፈቱት። መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፤ በዙሪያው ነጭ ቅርፊት ተጋግሮበታል።

ኡርባኖ የተወለደው ከታች በባሕሩ ጠረፍ፣ የባሕር ውኃ አትንነው ጨው ከሚያወጡ ቤተሰቦች ነው። ከነጩ ቅርፊት በጥፍሩ ፈቅፍቆ ምላሱ ላይ አደረገ።

«ጨው» አለ።

«ተራራ ላይ ጨው ከየት ይመጣል?»

ሰዓቱ አሥራ አንድ ሆኗል። የበረንዳው በር ተከፈተና ዶኛ ኤርሜሊንዳ ብቅ አሉ። ከጥግ ካለው ከረጢት በስኒ ዘግነው በየአበባው ሥር ጎንበስ እያሉ ወረዱ፤ አንደኛው መብራት ሥር አንድ ቁንጣሪ፣ ሁለተኛው ሥር አንድ ቁንጣሪ፣ ሦስተኛው ሥር አንድ ቁንጣሪ። አራተኛው ጋ ሲደርሱ ሁለት የተንበረከኩ ወንዶች አገኙ።

«ምነው? ቀንድ አውጣ አይታችሁ አታውቁም?»

«እህቴ፣ ስኒው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ጨው ነዋ። እነዚያ ዝልግልጎች ከመብራቱ እግር ሥር ርጥበት ለምደው ቤጎንያዎቼን ሊጨርሱብኝ አይደል? እዚህ አራተኛው ጋ ስለሚበዙ ሁለት ቁንጣሪ ነው የማደርገው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዝናቡ ከገባ። ከግንቦት።»

«መብራቱ መጨፈር የጀመረውስ?»

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ስኒውን ከጀርባቸው ደበቁ።

ዶን ቤሊሳርዮ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ኡርባኖ ግን የተፈታውን ናስትሮ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያገላብጥ ነበር።

«ጨው ባዶ ሽቦ ካላገኘ ምን ያደርጋል? ለመሆኑ አፈር ውስጥ የሚቀበር መጋጠሚያ በናስትሮ ብቻ የጠቀለለው ማነው?»

ሳቁ ቆመ። ዶን ኤፍራይን የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ አንድ እሑድ፣ በምሳና በእግር ኳስ ጨዋታ መካከል መብራቶቹን ያሠሯቸው ሰው ዶን ቤሊሳርዮ ራሳቸው ነበሩ።

«ጨዋታው ሊጀምር ነበር» አሉ ዶን ቤሊሳርዮ።

«ማን አሸነፈ?» አለ ኡርባኖ።

«አቻ ወጡ።» ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉለት። «ይቅርታውን ይውሰዱ፣ ኡርባኖ። የእኔንም የእህቴንም።»

እሑድ ከጧት ጀምሮ ዘጠኙም መጋጠሚያዎች ተቆረጡ። የበሰበሰው ሽቦ ቀዩ መዳብ እስኪታይ ድረስ ተላጠ፤ እያንዳንዱ ጫፍ ውስጡ በቅባት በተሞላ የሽቦ ቆብ ታሰረ፤ ጨዋማው አፈር ወጥቶ አዲስ አፈር ገባ። ለቀንድ አውጣዎቹ ኡርባኖ ሌላ ዘዴ አመጣ፤ በየተወሰነ ርቀት አፈር ውስጥ የተቀበረ፣ ጥቂት ቢራ የተጨመረበት ሳህን።

«በሕፃኑ ጸሎት ቀን በደጄ መጠጥ ቤት ልክፈት?» አሉ ዶኛ ኤርሜሊንዳ።

«አይረብሹም፣ ዶኛ። ገብተው እዚያው ይቀራሉ።»

ዶን ቤሊሳርዮ እህታቸውን ወደ ጎን ሳብ አደረጉ። «ለሱልማ ስለ ጨው ምንም አይንገሯት። በሽቦ ላይ ጨው የምትነሰንስ እናት ብቻዋን አትተውም። ገጀራ ነው ብላ ትመን።»

«ኡርባኖስ?»

ዶን ቤሊሳርዮ ቦርሳቸውን መዝጋት ቀጠሉ።

ሱልማ ጉሙ ደጁን ሲሞላ ደረሰች። ከመንገዱ ላይ ሳትወጣ ሻንጣ የምታህል ቦርሳዋን ይዛ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ዘጠኙም መብራቶች ጸጥ ብለው በሩ። እየቆጠረች ወጣች፤ ሃያ ሁለቱንም።

ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ጸሎቱ ደረሰ፣ ዝማሬው ተዘመረ፣ በወተት የተቀቀለው ሩዝ በየሳህኑ ዞረ። ሕዝቡ ሲቀንስ በረንዳው ላይ ቤተሰቡ ብቻ ቀረ።

«ጥሩ ተሠርቷል፣ አጎቴ» አለች ሱልማ። «ኡርባኖን ግን ነገ አነጋግረዋለሁ። ሽቦ የማይለይ አትክልተኛ አደገኛ ነው።»

ዶን ቤሊሳርዮ ሩዛቸውን አጥብቀው ማማሰል ያዙ። ዶኛ ኤርሜሊንዳ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ኡርባኖ የለበትም። ጨው ነው። የነሰነስኩት እኔ ነኝ።»

«ጨው? በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ?»

«በቀንድ አውጣዎቹ ላይ። ሽቦው መካከል ገባ።»

የሱልማ ዓይን በበሩ በኩል ወደ መኝታ ቤቱ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ወዳለው የእናቷ ሻንጣ ሄደ። «እማዬ፣ ይህንን ነው የምፈራው። ብቻዎን ሆነው ምን እንደሚያደርጉ የሚያይ ሰው የለም።»

በዚህ መካከል ኡርባኖ ከጥግ ያለውን ከረጢት ታቅፎ ብቅ አለ። ሩብ ያህል ብቻ ቀርቶታል።

«ዶኛ፣ ይህ ከእንግዲህ የት ይቀመጥ?»

በከረጢቱ ላይ የሳን ሆሴ ገበያ ማኅተም በትልቁ ታትሟል። ሱልማ አየችው። ፊቷ ቀስ በቀስ ቀላ።

«አሥር ኪሎ ነበር» አሉ ዶን ቤሊሳርዮ ለማንም ሳይሆን። «ማን ይሆን ያመጣው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሱልማ።

«በግንቦት» አሉ እናቷ። «‹አይሰስቱ፣ እማዬ፣ ካለቀ ሌላ አመጣለሁ› ብለውኝ ነበር። አልሰሰትኩም።»

ሱልማ ሳቋን ለመያዝ ታገለች፤ አልቻለችም። ሩዙን እስክታስቀምጥ ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ከረጢቱን ከኡርባኖ ተቀበለችና፣ «ይህንን እኔ እወስደዋለሁ» አለች። «የሚሄደው ሻንጣ ይኸው ነው። ኡርባኖ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሦስተኛው ነው» አለ ኡርባኖ። «እየለመድኩት ነው።»

ሱልማ በማግስቱ ጧት ሦስት ኪሎ የማይሞላውን ከረጢት ተሸክማ ብቻዋን ወረደች። ዶኛ ኤርሜሊንዳ ከዚያ በኋላ በዚያው ቤት ሌላ ሰባት ዓመት ኖሩ።