በግድግዳው በኩል

"ግፊ እንጂ! ዳንቴል ነው እንዴ የያዝሽው?" አለ ታላቅ ወንድሟ።

ልብስ ሰፊዋ ትከሻዋን ከወላጆቿ መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ጋር አጣብቃ ገፋች። ነገ በአባታቸው ቀብር ላይ የሚያዘው ፎቶግራፍ ከጀርባው ወድቆ ነበር። ቁም ሳጥኑ ሲጢጥ እያለ ሲላቀቅ ፎቶግራፉን አገኙት። ከፎቶግራፉ በላይ ግን ግድግዳው ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰንጥቋል።

በስንጥቁ ላይ አግድም፣ በየስንዝሩ፣ መዳፍ መዳፍ የሚያህል ጄሶ ተለጥፏል። በእያንዳንዱ ላይ በአባቷ ወፍራም እርሳስ ቀን ተጽፏል፤ የመጀመሪያው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሁሉም መሃል ለመሃል ተሰብረዋል።

"ጄሶ አይለጠጥም" ይሉ ነበር አባቷ። "ግድግዳ ከተነቃነቀ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው።"

የመጨረሻው የተለጠፈው ከአራት ወር በፊት፣ እሳቸው ሆስፒታል ሊገቡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው። እዚያ ጋ ስንጥቁ ትንሿን ጣቷን አስገባት።

አባቷ አርባ ዓመት ግንበኛ ነበሩ። የሥራ ጓደኞቻቸው የግድግዳ ቀጥታ በሚለካበት መሣሪያ ስም "ውሃ ልክ" ይሏቸዋል፤ የግድግዳ መዛነፍ ከመሣሪያው ቀድሞ ለዓይናቸው ይታያል። ይህን ቤት ግን የሠሩት የሰው ቤት ሲሠሩ ውለው፣ በተረፈች ጉልበት ነበር።

"ሆስፒታል 'ጄሶው እንዴት አደረ?' እያለ ይጠይቀኝ ነበር" አሉ እናቷ ከዚያው ግድግዳ ጋር በተጠጋው አልጋ ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ። "ቃዠ ብዬ 'ደህና አደረ' አልኩት።"

"እማዬ፣ ዛሬ እኔ ጋ ታድሪያለሽ።"

"እንዴት ተደርጎ? ገና ሳይቀበር ቤቱን ጥዬለት?"

"አትረብሻት" አለ ወንድሟ። "የድሮ ስንጥቅ ነው። ቤትም እንደ ሰው ሲያረጅ ይሸበሸባል።"

"ነገ ያን ሁሉ ሰው እዚህ ልታስቀምጥ ነው?"

"ታዲያ 'ውሃ ልክን የገዛ ግድግዳው ከዳው' ተብሎ በቀብሩ ቀን ይሳቅበት?"

"ይሳቁ። የሚስቁት በሕይወት ካሉ ነው።"

 ወንድሟ ከአልጋው ሥር የአባታቸውን የጄሶ ጣሳ ጎትቶ አወጣና በጥብጦ ስንጥቁ ላይ ለጠፈ። የዛሬን ቀንም ጻፈበት።

"ይኸው። ካልተሰበረ ዝም ትያለሽ።"

ጄሶው እስኪደርቅ፣ ነገ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ጀመሩ። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች።

"'ለልጆቻቸው ጠንካራ ቤት ሠርተው አለፉ' በዪ።"

ጻፈች። ወደ ግድግዳው ማንም አያይም። በመንገዱ ከባድ መኪና አለፈና ከኮርኒሱ ጥግ አሸዋ ዝርግፍ አለ። 

"እሁድ እሁድ 'ልጆቹን ይዘሽ ተናፈሺ፣ እኔ ቀለም ልቀባ' ይለኝ ነበር" አሉ እናቷ። "ስመለስ ግን አዲስ ቀለም አይታየኝም ነበር። አንድም ቀን በግድግዳው በኩል አስተኝቶኝ አያውቅም። 'አንቺ ሌሊት ሌሊት ትነሻለሽ፣ ስትረግጪኝ አላድርም፣ ወደ በሩ ተኚ' ይላል። እኔ ደግሞ ሳቄ ይመጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ።"

ጠቅ።

ክር በጥርስ ሲበጠስ የሚሰማው ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዋ በደንብ ታውቀዋለች።

ወንድሟ ተነሥቶ ሄደ። በአዲሱ ጄሶ ላይ፣ የጻፈውን ቀን ለሁለት ከፍላ፣ ፀጉር የምታክል መስመር ወርዳለች። መስመሯን በጣቱ ተከተላት። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለነገ ወንበር ወደሚያቀርቡት ጎረቤቶች ደወለ።

"ወንበሮቹን ከአጥሩ ውጭ ደርድሯቸው... አይ፣ ሳሎኑ አይሆንም... ግድግዳው አይታመንም... አዎ፣ የአባባ ግድግዳ!"

 እናቷ በግድግዳው በኩል ያለውን ትራስ አንሥተው፣ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ቀድመው ወጡ።

ልብስ ሰፊዋ ፎቶግራፉንና ወረቀቱን ይዛ ተከተለቻቸው። ከአጥሩ ውጭ፣ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። "ጠንካራ ቤት ሠርተው አለፉ" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከሥሩ ጻፈች፦

"ሠላሳ አንድ ዓመት በግድግዳው በኩል ተኙ።"