ሐምራዊው ገንዳ

በመንደራችን ዕቃ መምረጥ የሚችል ሰው ቢኖር እኔ ኩንግ ብቻ ነኝ። ሐብሐብን በጥፍሬ ኳ አድርጌ መብሰሉን እናገራለሁ። ጫማን ከሩቅ አይቼ መቼ እንደሚቀደድ አውቃለሁ። እርግጥ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ትቼዋለሁ፤ ግን የመምረጥ ትምህርት ቤት ቢከፈት ርእሰ መምህሯ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ታላቅ እህቴ ፓይሪን የበረዶ መዘፍዘፊያ ገንዳ ልትገዛ ከተማ ስትወርድ፣ ሞተር ሳይክሉ ላይ ከኋላዋ ማን እንደተቀመጠ መጠየቅ አያስፈልግም።

ፓይሪን ቡጢኛ ናት። ቡጢ ስል እጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እኛ አገር በእግርም፣ በጉልበትም፣ በክርንም ነው። ባለፈው ግጥሚያ የተጋጣሚዋን እርግጫ ሁሉ በቅልጥሟ እየመከተች አሸነፈች። ቅልጥሟ ግን እንደ ሙዝ ግንድ አብጦ ቀረ። አሰልጣኟ ጋሽ ቶንግዳም አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በረዶ ውስጥ ተዘፍዘፊ» አሏት። «ነገ ጠዋት አውራ ጣቴን እዚህ ላይ እጫነዋለሁ። ሳነሳው ጉድጓድ ከቀረ፣ ለቤተ መቅደሱ በዓል ግጥሚያ በአንቺ ፋንታ ኑዋንን ነው የማሰልፈው።»

ኑዋን ማለት ከወንዝ ማዶ ያለችው ቡጢኛ ናት። ጥሩ ልጅ ናት ይላሉ። እኔ አልወዳትም።

ሱቁ ደጃፍ ላይ ሁለት ገንዳዎች በአየር ተነፍተው ቆመዋል። አንደኛው ግራጫ ነው፤ ግድግዳው እንደ ፍራሽ የወፈረ፣ ክዳን ያለው፣ አስቀያሚ። ሁለተኛው ስስ ሆኖ ጥቁር ሊሆን ትንሽ የቀረው ሐምራዊ ነው፤ ያብረቀርቃል። ፓይሪን ግራጫውን በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው።

«ይሄኛው ወፍራም ነው። ቅዝቃዜ ይይዛል።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የዝሆን ሽንት ቤት ነው የሚመስለው!»

«እና ምን ይሁን? ልዘፈዘፍበት እንጂ ላገባው ነው?»

«የተወለድሽው ቅዳሜ ነው። የቅዳሜ ልጅ የዕድል ቀለሟ ሐምራዊ ነው። ለግጥሚያሽ ስትዘጋጂ ግራጫ ውስጥ ገብተሽ ዕድልሽን ልታደርቂው ነው?»

ባለሱቋ ሳቀች። «የዚህችን ልጅ ምላስ ቀጥሬው ቢሆን ሱቁን በአንድ ቀን ባዶ ያደርግልኝ ነበር» አለች።

ፓይሪን አየችኝ፤ ግራጫውን አየች፤ ሐምራዊውን አየች። ዕድል ሲነሳ እሷም ትፈራለች። «እሺ፣ ሐምራዊው ይሁን» አለች።

ቤት ስንደርስ በፓምፕ ነፋሁትና መንገድ ዳር፣ ፀሐዩ ላይ አስቀመጥኩት። አላፊ አግዳሚው ካላየው ምን ዋጋ አለው? ፓይሪን «ከጂም እስክመለስ በረዶ ሞልተሽ አቆይልኝ» ብላ እያነከሰች ሄደች። እኔም ከበረዶ ቤቱ በከረጢት እያመጣሁ ሞላሁት። ጎረቤት መጣ፣ ነካ ነካ አደረገ፣ እኔም ስለ ቀለሙ ንግግር አደረግኩ። ንግግሩ ትንሽ ረዘም ሳይል አልቀረም።

ፓይሪን ተመልሳ እጇን ከተተች።

«ኩንግ።»

«አቤት እትዬ።»

«ሾርባ ነው የሠራሽልኝ? ቅጠሉ ብቻ ነው የጎደለው።»

በረዶው የለም። ያ ጥቁር ሊሆን የቀረበው ስስ ላስቲክ ፀሐዩን ጠጥቶ ጠጥቶ ውሃውን ለብ አድርጎታል። ትመታኛለች ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። አልመታችኝም። እህቴን የምወድላት ይሄንን ነው፤ ቡጢዋን ለሚገባው ቦታ ታስቀምጣለች። ባልዲ አነሳች፣ ውሃውን የእናታችን አትክልት ላይ ደፋችው፣ ገንዳውን እየጎተተች በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤታችን ወለል ሥር፣ ዳክዬዎቹ የሚተኙበት ጥላ ውስጥ አስገባችው። የአባዬን አሮጌ ብርድ ልብስ ዙሪያውን ጠመጠመችበት፣ በላዩ የሩዝ ጆንያ ደረበችበት፣ የቀርከሃ ምንጣፍ ክዳን አደረገችለት።

«እትዬ፣ ግራጫውን ሠራሽው እኮ!»

«ዝም በይና በረዶ አምጪ።»

በረዶ ቤቱ ባዶ ነበር፤ የበዓሉ መጠጥ ሻጮች ጠራርገው ወስደውታል። ያኔ ኑዋን የእህቴን ቦታ ይዛ፣ እንደ ሴት ቡጢኞች ወግ በታችኛው ገመድ ሥር ሾልካ መድረክ ላይ ስትወጣ ታየችኝ። ወደ ዓሣ ተራ ሮጥኩ። ሻጮቹ ሊዘጉ ሲሉ ደርሼ፣ ከዓሣው ሥር ያለውን በረዶ ለምኜ ዛቅሁ።

ፓይሪን ሽርጧን አገልድማ ስትመጣ አፍንጫዋን ነፋች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«በረዶ።»

«ምን ዓይነት በረዶ?»

«ዋና የሚችል።»

ሳትስቅ እስከ ወገቧ ገባች። እኔ አንድ እጄን ብከት ጮኼ ዳክዬዎቹን በተንኩ። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና፣ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን እንደተሸከመ ሰው ቀስ ብላ ትተነፍሳለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ፤ ፊቷ ግን አልተጨማደደም። አንድ የዓሣ ቅርፊት ትከሻዋ ላይ ተለጥፎ ያበራል። እንደዚያ ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም። ወጥታ ተሟሟቀች፣ ተመልሳ ገባች፤ ማንም ሳይጎተጉታት።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ቶንግዳም ጂሙ ውስጥ በርከክ ብለው አውራ ጣታቸውን ቅልጥሟ ላይ ተጫኑ። ጣታቸውን ሲያነሱት ቆዳዋ ወደ ቦታው ተመለሰ። አሽተት አደረጉና ፊታቸውን ኮሶ አስመሰሉ።

«ትሰለፊያለሽ» አሏት። «ግን መጀመሪያ በሳሙና ታጠቢ።»

እኔ ዘለልኩ፣ አጨበጨብኩ፣ ጂሙ ውስጥ ላለው ሁሉ ጮኼ ተናገርኩ። «ሰማችሁ? ገንዳውን የመረጥኩት እኔ ነኝ! እኔ!»

ፓይሪን እጇ ላይ ጨርቅ እየጠመጠመች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

«አዎ፣ አንቺ ነሽ» አለች። «ለዚህ ነው ሌላ ገንዳ ስገዛ ከዳክዬዎቹ ጋር ቤት የምትቀሪው።»