ሟች ብቻ የሰማው ቃል

ሃፊዛ ሽፋ ወልቂጤ ላይ ሎጂክ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ «ይሄ ኮርስ ምን ይጠቅመናል?» ብለው ሲያፋጥጧት መልስ አጥታ አታውቅም። መልስ የጠፋት በራሷ የፍልስፍና ማስተርስ ላይ ነው። የያዘችው ርዕስ ቃል መግባት ነው፤ አንድ ሰው ለሚሞት ሰው ቃል ቢገባ፣ ከሟቹ በቀር የሰማ ባይኖር፣ ቃሉ ይይዘዋል ወይስ አይይዘውም? አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ስትብሰለሰል ሰማንያ ገጽ ጽፋለች። አንደኛው ምዕራፍ ይይዘዋል ይላል፣ ሁለተኛው አይይዘውም፣ ሦስተኛው ምን እንደሚል እሷም አታውቀው።

አማካሪዋ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። «መጻሕፍቱ የሚሉትንስ ሰማን። ያገርሽ ሽማግሌዎች ምን ይላሉ? እስከ ሰኞ የእነሱን መልስ ካላመጣሽ ርዕሱን እንቀይራለን» አላት። ርዕስ መቀየር ማለት የዓመት ልፋት ውኃ በላው ማለት ነው።

ቅዳሜ ሁለት መኪና ቀይራ ቡታጅራ ገባች። አባቷ ቤት እንኳ ጎራ ሳትል በቀጥታ ወደ ሐጂ ጀማሉ ግቢ ሄደች። ሐጂ ጀማሉ በሰፈሩ የተከበሩ አስታራቂ ናቸው፤ ፍርድ ቤት ደርሶ የተመለሰ ጠብ ሁሉ መጨረሻው እሳቸው ደጅ ነው። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሰላምታው ረዘም አለ፤ የወልቂጤን ዝናብ ሳይቀር ጠየቋት። ከዚያ ወረቀቷን አወጣች።

«አንድ ሰው ነበር እንበል» ብላ ጀመረች። «ወንድሙ ሊሞት ሲያጣጥር፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሳሉ፣ ‹ልጅህን አስተምርልሃለሁ› ብሎ ቃል ገባለት። ወንድሙ ሞተ። የሰውየው አቅም ግን ከአንድ ልጅ በላይ አላስተምር አለ። የራሱን ልጅ አስተማረ። አጥፍቷል ወይስ አላጠፋም?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ሰውየው ማነው?» አሉ ሐጂ ጀማሉ።

«ማንም አይደለም፣ ሐጂ። ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት ነው።»

«እሺ፣ ይሁን» አሉ ሐጂ፤ አነጋገራቸው ከመጠን በላይ ለስላሳ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛ ምሁር ተሳሳተች። ሌላ አገር የተወለደ ቢሳሳት ምንም አይደል፤ እሷ ግን እዚያው ሰፈር ያደገች ናት። በእነ ሐጂ ጀማሉ ደጅ አባቱን መክሰስ ያፈረ ልጅ፣ ባሏን መክሰስ የፈራች ሚስት ስም ጠርተው አያውቁም። «አንድ ሰው ነበር» ብለው ይጀምራሉ፤ ሲጠየቁም «የማውቀው ሰው አይደለም» ይላሉ። ሽማግሌ የተባለ ደግሞ ይህ ይገባዋል። ሃፊዛ ይህን ሁሉ በልጅነቷ ታውቅ ነበር። ትምህርቱ አስረስቷታል።

ሐጂ ስልካቸውን አንስተው ደወሉ። «ሽፋ፣ ልጅህ እኛ ጋ ናት። ጉዳይ ይዛብህ መጥታለችና ና።»

ሃፊዛ ክው አለች። «ሐጂ፣ ኧረ ይሄ ጥናት ነው! አባቴ ምን አደረገ?» ወረቀቱን ብታሳይ፣ የዩኒቨርሲቲውን ማኅተም ብትጠቁም ማን ይስማት። «አይዞሽ፣ ልጄ፤ ደፍረሽ መምጣትሽ ደግ ነው» እያሉ ጭራሽ ያጽናኗት ጀመር። ለጥናቷ ብላ የአባቷን ስም ልታጠፋ ነው። ተናደደች፣ አፈረች፣ መሳቅም አማራት።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ተነሥታ ሮጠች። «አባዬ፣ ስህተት ነው፤ አሁን አስረዳቸዋለሁ…» አላያትም። ሐጂ ጀማሉ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ስም ሳይጠሩ፣ እሷ እንዳለችው አድርገው ነገሩት። ሽፋ መሬት መሬት እያየ ሰማ። ሲጨርሱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እንዴት አወቀች?» አለ። «ክፍሉ ውስጥ እኔና ከድር ብቻ ነበርን።»

ከድር የሞተው አጎቷ ነው። ልጁ ባሂራ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ እንሴኖ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች።

ሃፊዛ ያን ምሳሌ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብላ በአምስት ደቂቃ ጽፋው፣ በራሷ ኮርታ ነበር። ከየት አመጣችው? አባቷ አልነገራት፤ የከድር ሚስት ከድጄም ብታውቅ ኖሮ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ሳታውቅ ታውቅ ነበር ማለት ነው? እንዲህ ያለውን ነገር ምን ብለው እንደሚጠሩት ሎጂክ አላስተማራትም።

«ቃሉ ይይዛል» አሉ ሐጂ። «ሰሚ ኖረም አልኖረም። የሚክሰውን ግን የጉዳዩ ባለቤት ባሂራ በሌለችበት አንወስንም። ያነሣሽው አንቺ ነሽ፤ ሄደሽ ጥሪያት።»

ሰኞ የሚፈለገው መልስ ይኸው ተገኘ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷን ያስጨነቃት ግን ዲግሪዋ የማን እንደሆነ ነው።

እንሴኖ ስትደርስ ገበያው ሞልቷል። ባሂራ ከበርበሬ ጆንያዋ ኋላ ተነሥታ አቀፈቻት። «ምነው፣ ፊትሽ አመድ መስሏል?» አለቻት። ሃፊዛ አንዱንም ሳትደብቅ ነገረቻት። ባሂራ እየሰማች በርበሬዋን ትለቅማለች።

«በሩ ጋ ነበርኩ» አለች በመጨረሻ። «ለአባቴ ውኃ ይዤ።»

«ሰምተሻል? ታዲያ ለማንም አልተናገርሽም?»

«ላንቺ ነግሬሻለሁ።»

«ለእኔ?»

«የለቅሶው ሰሞን፣ እናንተ ቤት አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ። እንደ ተረት አድርጌ ነገርኩሽ፤ አባትሽ ነዋ፣ ስሙን እንዴት ልጥራ? አንድ ሰውዬ ለሚሞት ወንድሙ ልጅህን አስተምራለሁ አለ አልኩሽ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ሰባት።»

«ምን አልኩሽ?»

ባሂራ ፈገግ አለች። «‹ከዚያስ?› አልሽኝ።»

«አንቺስ?»

«‹ከዚያማ ገና ነው፤ አብረን እናያለን› አልኩሽ።»

ሃፊዛ ጆንያው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። በርበሬ ልትገዛ የቆመች ሴት ደንግጣ አየቻት።

«ምንም አልሆነችም» አለች ባሂራ፣ መስፈሪያዋን እያነሣች። «በርበሬው ነው። አልለመደችውም።»