የዳማው የኋላ እግር

ፈይዛ ለሥልጠናው ስትመዘገብ አርባ ሁለት ዓመቷ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባሉ የመስኖ ማሳዎች ሽንኩርት ስትነቅልና በጆንያ ስትሞላ ነው የኖረችው። ወገቧ እምቢ ሲላት ሌላ ሥራ ማፈላለግ ጀመረች። በዚሁ መሃል አንድ ማኅበር የጋማ ከብት እንክብካቤ ሊያስተምር መሆኑን ሰማች። ማበጠር፣ ማጠብ፣ ኮቴ መከርከም፤ ሦስት ወር ተምሮ ፈተናውን ያለፈ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። እህቷ መሪማ፣ ኮቴ መከርከምም ወገብ እንደሚፈልግ ብትነግራት አልሰማቻትም።

ከአሥራ ሁለቱ ሠልጣኞች ሴት እሷ ብቻ ነበረች። የቀሩት አብዛኞቹ ወጣት ጋሪ ነጂዎች ናቸው። እትዬ ፈይዛ እያሉ ከባዱን ሁሉ ሊሠሩላት ይሽቀዳደማሉ፤ እሷን የሚያናድዳትም ይኸው ነበር። አሠልጣኙ ዶክተር ፍቃዱ ከደብረ ሲና የመጣ የእንስሳት ሐኪም ነው። የቆላውን ሙቀት ስላልለመደው ማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ሳይበረታ ይጨርሳል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ብሩሽ ብቻ አስያዛቸው። ወጣቶቹ ጉጠትና ሞረድ ለመጨበጥ ሲጣደፉ ፈይዛ ያንን ሳምንት ወደደችው። በልጅነቷ በቅሎ ረግጣት ስለነበር ከኋላ መቅረብ ትፈራለች። መዳፏን ከእንስሳው አንገት አስጀምራ፣ ሳታነሣ እስከ ዳሌው ስታደርስ ግን የት እንዳለች ያውቃል፤ ፍርሃቷም ይቀላታል።

ለፈተናው የደረሳት፣ ዳር ቆመው የሚመለከቱት ባለጋሪ የጋሼ ጁነይድ ዳማ ፈረስ ነበር። አራቱንም ኮቴ በአንድ ሰዓት መጨረስ አለባት። ሦስቱን በደህና ከረከመች። የግራ የኋላ እግሩን ስታነሣ ግን ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አወረደችለት። ጥቂት ቆይታ ብታነሣው ያው ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረች። አብሯት የሚማረው ጣሪቅ ገመድ ይዞ መጣና ፈረሱን ጠፍሮ እንዲገላግላት ጠየቃት፤ በቅን ልቡ ነው።

"ተወው ጣሪቅ" አለችው። "ካሰርነው ዛሬ እኔ አልፋለሁ። ከዚህ ወዲያ ግን ሰው አያስጠጋም።"

አራተኛው ኮቴ ሳይከረከም ሰዓቱ አለቀ፤ ዶክተሩም ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ውጤቱ ሲነገር የወደቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ቤቷ ገብታ ቱታዋን አጠበችና ሰጣችው፤ ከዚያ በሩን ዘግታ አለቀሰች። በማግስቱ ሽንኩርት ማሳ ሄደች።

በሳምንቱ ጋሼ ጁነይድ ቤቷ ድረስ መጡ። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ፈረሱን ከማጀቴ ገበያ ሲገዙት እግሩ ላይ የገመድ ጠባሳ እንደነበረበት አጫወቷት። ያለፉት ልጆች ኮቴውን ሊጨርሱላቸው ቢመጡም መልሰዋቸዋል።

"እግሩን ስታወርጂለት አይቻለሁ" አሏት። "አንቺ ሞክሪው።"

"እኔኮ ወድቄያለሁ፣ ጋሼ።"

"እሱን ሰምቻለሁ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከአስር ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሮቢ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ግቢያቸው መመላለስ ያዘች። ሁለት ቀን አበጠረችው እንጂ እግሩን አልነካችም። በሦስተኛው ቀን እጇ ጉልበቱ ድረስ ወረደ። በአራተኛው ቀን እግሩን አነሣችና ቢስሚላህ ለማለት ያህል ይዛ መልሳ አስቀመጠችው። በስድስተኛው ቀን ኮቴውን ከረከመች። ፈረሱ አንዴ ብቻ በረጅሙ ተነፈሰ።

ጋሼ ጁነይድ ይህንን ለዶክተር ፍቃዱ ነገሩት። እሱም መጥቶ ኮቴውን አገላብጦ አየ። የፈተናው ደንብ የእሱ ስላልሆነ ውጤቱን መለወጥ አልቻለም፤ በሚቀጥለው ወር ግን ድጋሚ እንድትፈተን አስመዘገባት። በአንዲት ገራም አህያ ተፈተነችና አለፈች፤ ነጥቧም መካከለኛ ነበር።

ወረቀቷን ሲሰጣት ዶክተሩ አንድ ነገር ለመናት፤ ለአዲሶቹ ሠልጣኞች የብሩሹን ሳምንት እንድታስተምርለት። ፈይዛ ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም። ሰኞ ጠዋት አሥራ አምስት ሰው ሲያፈጥባት ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ለትምህርቱ ወደ ታሰረችው በቅሎ ሄደችና መዳፏን በበቅሎዋ አንገት ላይ አሳረፈች። ሠልጣኞቹም ለማየት ጠጋ ጠጋ አሉ።