ያልተለካች እግር

ነገሌ ቦረና ውስጥ የገና በዓል አንድ ወር ሲቀረው፣ ሩቲ የምትባል የአጸደ ሕፃናት አስተማሪ ደብተርና የሲባጎ ጥቅል ይዛ ሰፈር ለሰፈር መዞር ትጀምራለች። የቤተክርስቲያኗ ወጣቶች ለችግረኛ ልጆች የበዓል ስጦታ የሚያሰባስቡት በእሷ ኃላፊነት ነው። የልጁ ስም፣ ዕድሜውና ለቤተሰቡ ስንተኛ ልጅ እንደሆነ ካርድ ላይ ይጻፋል። እግሩ በሲባጎ ይለካል፤ ሲባጎውም ተቆርጦ ካርዱ ላይ ይታሰራል። ካርዶቹ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሰቀሉና ነርሱም፣ አስተማሪውም፣ አቅም ያለው ሁሉ አንድ አንድ አውርዶ ይሄዳል። በሲባጎው ልክ ጫማ፣ በዕድሜው ልክ ልብስ ገዝቶ፣ ጠቅልሎ፣ ካርዱን ላዩ ላይ ለጥፎ ይመልሳል። ሳይነሱ የቀሩትን ካርዶች ጫማ ነጋዴው ዓብዱልባሲጥ ጠራርጎ ይወስዳቸዋል። "በዓሉ የእናንተ ነው፤ ልጆቹ ግን የሁላችንም ናቸው" ይላል።

አምና ግን ነገሩ ተበላሽቶ ነበር። አክስት የእህቷን፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ እየጎተተ መጥቶ ስጦታው አልበቃ አለና፣ የተመዘገቡ ልጆች ባዶ እጃቸውን እያለቀሱ ተመለሱ። የቤተክርስቲያኗ ሽማግሌ አቶ ገቢሳ በዚያ ተናደው አንድ ደንብ አወጡ፤ ካርድ የሌለው ልጅ አይጠራም። ደንቡ ክፉ አልነበረም። የከፋው ጉያቱ ቤት ሲደርስ ነው።

ጉያቱ ወደ ከተማ የገባችው ድርቁ ከብቱን በጨረሰ ጊዜ ነው። ባሏ ከሞት የተረፉትን ሁለት ግመሎች ይዞ በፊልቱ በኩል ሣር ፍለጋ ሲሄድ፣ እሷ ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ የሰው ልብስ እያጠበች ልጆቿን ታሳድጋለች። ሩቲ በሯ ላይ ስትደርስ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነበር።

"አካም ጂርቱ፣ ሀዳ ጋሮማ?" ብላ ሰላም አለቻት ሩቲ፣ ወጉ እንደሆነው በበኩር ልጇ ስም የጋሮማ እናት ብላ ጠርታ።

"ናጋ፤ ግቢ።"

ሩቲ ስለ ስጦታው አስረዳችና እስክሪብቶዋን አወጣች። "ስንት ልጆች አሉዎት?"

ጉያቱ ዓይኗ እስክሪብቶው ላይ ተተከለ። "ሁለት" አለች።

አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ጋሮማ አፉን ሊከፍት ሲል እናቱ አየችው፤ መልሶ ዘጋው። የእሱና የታናሽ ወንድሙ የኡርጌሳ እግር ተለካ፤ አንዱ ካርድ ላይ 1ኛ፣ ሌላው ላይ 2ኛ ተብሎ ተጻፈ። የሰባት ዓመቷ ሴት ልጇ ኢቢሴ በዚያ ሰዓት አምስት ሊትር ጀሪካኗን ይዛ ቦኖ ውሃ ተሰልፋ ነበር።

ጉያቱን ሞኝ ናት የሚል ካለ ያንን ቀን ስላላየ ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ ገና ቆላ ሳሉ፣ እርዳታ የሚመዘግብ አንድ ወጣት መጥቶ ነበር። በእነሱ ዘንድ ከብትንና ልጅን በቁጥር መጥራት ያስፈራል፤ አማቷም እንዳትናገር በክርናቸው ጎሸም አድርገዋታል። እሷ ግን ስንዴው ለሁሉም እንዲደርስ ብላ "አራት" አለች። ወጣቱ ልጆቹን አሰልፎ፣ ጭንቅላታቸውን በእስክሪብቶው እየነካ ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ጀርባዋ ላይ የታዘለውንም አራት። ስንዴው ሳይደርስ የታዘለው ልጅ በትኩሳት ሞተ። ጤና ጣቢያ ወባ ነው አሏት። ወባ መሆኑን አልካደችም፤ ወባው ቤቷን በማን ጥቆማ እንዳገኘው ግን ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ እውነተኛውን ቁጥር ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ሁልጊዜ አንድ ልጅ ትደብቃለች። የምትደብቀውም ኢቢሴን ነው፤ የመጨረሻዋ እሷ ናትና፣ ከሁሉም በላይ የምትሳሳው ለእሷ ነው።

ይህን ሁሉ ለሰባት ዓመት ልጅ ማን ያስረዳል? ኢቢሴ ውሃዋን አስቀምጣ መሬት ላይ የወደቀ የሲባጎ ቁራጭ አየች፤ ወንድሞቿም ወሬውን ሊይዙት አልቻሉም።

"አዮ፣ የእኔስ እግር?" አለች እናቷን።

"ያንቺ በኋላ ይለካል።"

"መቼ?"

ጉያቱ የያዘችውን አንሶላ መጭመቅ ቀጠለች።

ኢቢሴ ሦስት ቀን በሩ ላይ ተቀምጣ ሩቲን ጠበቀች። በአራተኛው ቀን ከዱቄት ጆንያ ላይ ክር መዝዛ፣ እግሯን መሬት ላይ አስተካክላ ራሷ ለካችና ጫፉን ቋጠረችው። ጉያቱ ልብስ እያሰጣች ሳለ ልጅቷ ጋሮማን ቀስ ብላ ስትጠይቀው ሰማች። "እኔን ከማን ነው ያመጡኝ?"

"ማን አመጣሽ? እዚሁ ነው የተወለድሽው።"

"ታዲያ ለምን ሁለት አለች?"

ጉያቱ እዚያው የተሰጣው ልብስ መሃል ቆማ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን በእርጥብ እጅጌ ጠርጋ፣ ኢቢሴ የቋጠረችውን ክር ይዛ ወደ ገበያ ሄደች። የዓብዱልባሲጥን ቤት ልብስ የምታጥበው እሷ ናት፤ ሚስቱ ፋርሂያም ትወዳታለች። ክሩን አሳየችውና ካርድ ለሌላት ልጄ ጫማ ስጠኝ፣ በሥራዬ እከፍልሃለሁ አለችው። ሰውየው ክሩን ቀይ ሸራ ጫማ ላይ ለካና ሰጣት። "ክፍያውን ተይው እህቴ" አለ። "ካርድ ባይኖራት እግር አላት።"

ጉያቱ ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሏት ነበር። ኢቢሴ ግን ጫማውን አገላብጣ አይታ፣ አንድ ጣቷን ውስጡ ከትታ፣ መልሳ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው።

"ስሜን ይጠሩታል?"

"ጫማው ይኸው አይደል፣ ልጄ?"

"ጋሮማና ኡርጌሳ ይጠራሉ። እኔ አልጠራም።" ጀሪካኗን አንስታ በባዶ እግሯ ወደ ቦኖው ሄደች።

ስጦታው የሚታደልበት ቅዳሜ ደረሰ። ጉያቱ ከሁሉም ቀድማ ቤተክርስቲያኗ ግቢ ገባች፤ ጫማው በጨርቅ ተጠቅልሎ ብብቷ ሥር ነበር። ሩቲ ስጦታዎቹን በስም ፊደል እየደረደረች አገኘቻት።

"ዋሽቼሻለሁ" አለች ጉያቱ። "ኢቢሴ የምትባል ሴት ልጅ አለችኝ።"

ሩቲ ደነገጠች። "ሀዳ ጋሮማ፣ እኔ እኮ ጠይቄዎት ነበር።"

"ጠይቀሻል። ስንት ነው ያልሽኝ። እስክሪብቶ ይዘሽ ስንት ስትይኝ ምን ልበልሽ?" እናም ስለ ሞተው ልጅ ነገረቻት፤ ስሙን ግን አልጠራችም።

ተልተሌ ያሉት የሩቲ አያት ስንት የልጅ ልጅ አለዎት ሲባሉ "ዋቃ ያውቃል" ብለው፣ ነገሩን ለፈጣሪ ትተው፣ ወደ ሌላ ወሬ ይሄዱ ነበር። እሷና የአጎቶቿ ልጆች በዚህ ስንቴ ስቀዋል። ሐዋሳ ተምራ፣ ካርድ አስተካክላ ስትመጣ ያንን ሁሉ ረስታው እንደነበር ገባትና አፈረች።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "ስማቸውን ብቻ ነው መጠየቅ የነበረብኝ።"

አቶ ገቢሳ ከኋላ ሆነው ሰምተዋል። "ደንቡስ?" አሉ።

"ጋሼ፣ ደንቡ ካርድ የሌለው አይጠራም ነው የሚለው። ካርድ አይጻፍለትም አይልም።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። "ጻፊላት" አሉ። "እኔም ራሴ በልጅነቴ አንድም ቀን የተቆጠርኩ አይመስለኝም።"

ሩቲ ስሟንና ዕድሜዋን ጻፈች። ስንተኛ ልጅ የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ የጉያቱን ፊት አየችና አለፈችው። የጆንያውን ክር ካርዱ ላይ አሰረች፤ ቀዩን ጫማም ከሌሎቹ ጋር በአንድ ዓይነት ወረቀት ጠቀለለችው።

ረፋድ ላይ ግቢው ሞላ። ጋሮማ ተጠራ፤ ኡርጌሳ ተጠራ። ኢቢሴ ከእናቷ ኋላ አፈር በጣቷ እየጫረች ተቀምጣ ነበር።

"ኢቢሴ" አለች ሩቲ።

ልጅቷ አልተነሳችም። ሌላ ኢቢሴ መስሏታል።

"ኢቢሴ፣ የጋሮማና የኡርጌሳ እህት።"

ያኔ ተነሳች። የሄደችው ቀስ ብላ ነው፤ የተመለሰችው ግን እየሮጠች ነው። ወረቀቱን ቀዳ ጫማውን ስታይ አወቀችው፤ እናቷን ቀና ብላ አየቻት፤ ምንም ሳትል እግሯን አስገባች። ልኳ ነበር። ጉያቱ ተመስገን ብላ ገና ሳትጨርስ፣ አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ ያገኘችውን ሁሉ ማንበብ አይቀርላትምና፣ ኢቢሴ ሦስቱን ካርዶች ጭኗ ላይ ደርድራ ማስተያየት ጀመረች።

"አዮ፣ የጋሮማ አንድ ይላል። የኡርጌሳ ሁለት ይላል። የእኔ እዚህ ጋ ባዶ ነው።" ጣቷን መስመሩ ላይ አኖረች። "እኔ ስንተኛ ነኝ?"

ሩቲ ሰምታ "እንዲሁ ይሁን፣ ግድ የለም" ልትል ብላ ተወችው። ልጅቷ ጣቷን ከባዶው መስመር ላይ ሳታነሳ እናቷን ትጠብቃለች። ጉያቱ የዚያን መዝጋቢ ወጣት እጅ በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ ጀርባዋ ላይ የነበረው ክብደት ተሰማት። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ግን ይህችን ልጅ ከሞት እደብቃለሁ ስትል ከራሷ ቤት አውጥታት ከርማለች።

"ሦስተኛ" አለች። ድምጿ ስላልወጣ ደገመችው። "ሦስተኛ ልጄ ነሽ።"

ኢቢሴ ከሩቲ እስክሪብቶ ተቀበለች። አግዳሚው ላይ ተደፍታ 3 ቁጥርን ራሷ ጻፈችው፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙራ ብትጽፈውም ማንም አላረማትም። ጉያቱ የልጇን ጭንቅላት በመዳፏ ሸፈነችው፤ ቤት እስኪደርሱም እጇን አላነሳችም።